ለተብርሃን ያዘዘችው ወንበር

ሦስቱ ሐበሾች የመስታወቱን በር ገፍተው ሲገቡ መዋዳ መጀመሪያ ያየችው እግራቸውን ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ፤ ጠርገው ሲያበቁ ደግሞ እንደገና ጠረጉ። ካርቱም ውስጥ አዲስ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ጫማውን አይጠርግም። ገንዘብ የያዘ ሰው አቧራውንም ይዞ ነው የሚገባው። እንዲህ አጥብቆ የሚጠርገው ዕድሜውን በሰው ቤት ወለል ላይ የፈጀ ሰው ብቻ ነው። እናቷም እንዲሁ ነው የምትጠርገው።

መዋዳ ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰች።

መሸጫው ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል ውስጥ፣ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ መዋዳ የሽያጭ ሠራተኛ ናት። ዐረብኛዋ ዐባይ ዳር ተወልዶ ዐባይ ዳር ያረጀ ሰው ዐረብኛ ነው። «እናትሽ ከወዴት ናት?» ሲሏት «ከከሰላ» ትላለች። ከሰላ የድንበር ከተማ ስለሆነች ብዙ ነገር ትሸፍናለች። እውነቱ ግን እናቷ ለተብርሃን ጎንደር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ድንበር ተሻግራ፣ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ አንድ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ እሷን የወለደች ናት። ባሏ ሲሞትባት ልጇን ይዛ ጀብራ በሚሉት የካርቱም ሰፈር ቀረች። ያቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያደረሳት የእናቷ ክንድ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አስቀድማ የተማረችው ትምህርት እናቷን መደበቅ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ሰው «ምን ታድርግ፣ አገሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አገሩማ ነው! ሐበሻ ሴት ሁሉ ወይ ሻይ ሻጭ ወይ የቤት ሠራተኛ ናት ብሎ የሚያምን ከተማ ነው። ግን ከተማ ብቻውን ማንንም አያስክድም። ካጂም ያስፈልገዋል።

አንድ ቀን ለተብርሃን፣ ልጇ ቤት የረሳችውን ስልክ ልታደርስላት እስከዚህ መሸጫ መጥታ ነበር። ስልኩን በበሩ በኩል አቀብላ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ሐይደር ከኋላ ሆኖ አይቷት ኖሮ፣ «ያቺ ሐበሺያ ማን ናት? ንጹሕ ትመስላለች። ሚስቴ ሠራተኛ አጥታ ልታብድ ነው፤ እስቲ ጠይቂልኝ» አለ። መዋዳ «እናቴ ናት» ማለት ትችል ነበር። «አላውቃትም» ብትል እንኳ ከክህደት ቀላሉ እሱ ነው። እሷ ግን «እሺ፣ እጠይቃታለሁ» አለች። ሐይደር ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር አለመርሳቱ ነው ክፋቱ። ከዚያ ወዲህ ትዝ ባለው ቁጥር «ያቺን ሴትዮ ጠየቅሻት?» ይላታል። እሷም «ገና ነኝ» ትለዋለች።

እንግዲህ ሦስቱ ሐበሾች ገቡ። ፊት ፊት የሚሄደው፣ በዚያ ሐሩር ኮት የለበሰው ሽማግሌ፣ ዐረብኛውን እየመረጠ የሚናገር ነበር።

«አያሌው እባላለሁ» አለ ለሐይደር። «ሚኒቫን እንፈልጋለን። አዲስ። ለተርሒል ነው።»

ተርሒል ማለት የተማሪ ማመላለሻ ነው። ሐይደር ፊቱ በራ። ከጓሮው አንድ ነጭ ሚኒቫን ገዢ አጥቶ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። «መዋዳ፣ ያላ፣ ቁልፉን አምጪ!» ብሎ እየመራ አወጣቸው።

መኪናው አምሮ ነበር። መካከሉ ላይ እንደ ሙሽራ ወንበር ያሉ ሁለት ባለመደገፊያ የቆዳ ወንበሮች ተቀምጠዋል፤ ከጣሪያው ስክሪን ተንጠልጥሏል፤ መጋረጃው ባለዘርፍ ነው። አብሯቸው የመጣው ጎልማሳ፣ ተድላ የሚሉት፣ እንደ ሾፌር ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ጀመረ። ሦስተኛዋ ወፈር ያለች፣ ዐይነ ፈጣን ሴት ናት። በተንሸራታቹ በር አንገቷን አስገብታ ዞር ዞር አለችና በአማርኛ ጠየቀች።

«ጋሽ አያሌው፣ ሣጥኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ቀስ በይ እንጂ ፍቅርተማርያም!»

«ማን ይሰማናል? እቺ እንደሆነ ዐረብ ናት።» በከንፈሯ መዋዳን ጠቆመች።

«ቢሆንስ? አዲስ መኪና ፊት ሬሳ ማንሣት ሟርት ነው።»

«ሬሳ ልናነሣበት አዋጥተን ልንገዛ መጥተን፣ ሬሳ አታንሺ ይሉኛል? ደግ!»

ተድላ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ።

መዋዳ አልሳቀችም። ቁልፉን በእጇ እንደጨበጠች፣ ምንም እንደማይገባት ሰው ወደ ግንቡ እያየች፣ አንድም ቃል አላመለጣትም። አማርኛዋ የወለል አማርኛ ነው፤ እናቷ ወለል ስታጥብ ከኋላዋ እየዳኸች የሰማችው። ሲናገሩት ይሰባበራል፤ ሲሰሙት ግን ሙሉ ነው።

ነገሩም ግልጽ ሆነላት። እነዚህ የዕድር ሰዎች ናቸው። መኪናው በአዘቦት ተማሪ እያመላለሰ የራሱን ቤንዚን ያወጣል፤ ከዕድርተኛው ሰው ሲሞት ደግሞ ሬሳ ሣጥኑን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብር ያደርሳል። ይህንን ለሻጭ መንገር አይቻልም። የባሕሪ ወሬ ድልድዩን ከመኪና ቀድሞ ይሻገራል፤ ወሬው ከተሻገረ ደግሞ ልጁን በሬሳ መኪና የሚልክ ወላጅ የለም።

«ወንበሮቹ ይነቀላሉ?» አለ ተድላ በዐረብኛ፣ ቀና ብሎ።

«ሁሉም ይነቀላል ወላሂ!» አለ ሐይደር። «ይህ እኮ ፉል ኦፕሽን ነው። ፉል ማለት የቀረው ነገር የለም ማለት ነው።»

አይነቀሉም። መዋዳ ታውቃለች። እነዚያ የሙሽራ ወንበሮች ከነሽቦአቸው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሠሩ ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው እንደነበሩ አይሆኑም። በዚያው ዋጋ ሌላ ዓይነት አለ፤ አግዳሚው ለሁለት የተከፈለ፣ አንዱ ወገን መቆለፊያው ሲሳብ ብድግ ብሎ የሚወጣ፣ ሌላው ወገን ባለበት የሚቀር። እሱ ግን ከፖርት ሱዳን ታዝዞ ይመጣል እንጂ ጓሮ የለም። ሐይደር ደግሞ የጓሮውን ነው የሚገላገለው።

በዐረብኛ ሞከረች። «ለተማሪ ከሆነ ኡስታዝ፣ ባለአግዳሚው ይሻላችኋል። ብዙ ልጅ ይይዛል፤ እንደፈለጉም ይነቀላል። ጥቂት መጠበቅ ነው እንጂ...»

አያሌው ተቆጣ። ሽማግሌው ሲገባ ጫማውን ሁለቴ ጠርጓል፤ ለመናቅ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ንቀትን ካልተናገሩትም ቃል ውስጥ ይፈልጋል።

«ልጆቻችንን እንደ ፍየል ልናጭቃቸው ነው የመጣን መሰለሽ? ሐበሻ ስለሆንን አግዳሚ ይበቃናል? ፉሉን ነው የምንፈልገው፤ ፉሉን!»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ፍቅርተማርያም በአማርኛ። «ርካሹን ልታሸክመን ነው። ሳንቲም እንደማናውቅ።»

ሐይደር መዋዳን በዐይኑ ገሠጻት። እሷም ዝም አለች። በሁለት ቃል አማርኛ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ «እነዚህ አይነቀሉም» ብትል በቃ። እነዚያ ሁለት ቃላት ከጉሮሮዋ አልወጡም። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። ይህን የተናገረ ሰው ዝምታ ውስጥ የገማውን ሁሉ ቢያሸት ኖሮ ምላሱን ይቆርጠው ነበር።

«ለተብርሃን ያለችውን አትርሱ» አለች ፍቅርተማርያም ቀጥላ። መዋዳ የያዘችው ቁልፍ መዳፏን ወጋት። «አንዱ ወገን ይነሣ፣ ሣጥኑ ይጋደም፤ በሌላው ወገን ሴቶቹ አጠገቡ ይቀመጡ ነው ያለችው። እንደ ገሊላ ማንም ብቻውን አይሂድ ብላ አይደል ስብሰባው ላይ ያለቀሰችው?»

«ሰምተናል፤ ይነቀላል አለ እኮ ሰውየው» አለ አያሌው። «ዛሬ ራሷ መጥታ ብታየው ጥሩ ነበር። ሴቶቹ የመረጡት እሷን፣ በመጨረሻው ቀን እግሬን አመመኝ ብላ ቀረች።»

«እግሯን ሳይሆን ልቧን ነው የሚያማት» አለች ፍቅርተማርያም። «አንዲት ልጅ ወልዳ እንደ መካን ናት። ቢሮ ትሠራለች ይላሉ፤ የት እንደሆነ እናቷ አትናገርም። ለሰንበትም ለልቅሶም አይተናት አናውቅም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ፤ የዚችኛዋ ደግሞ ባሰ፤ እናትሽ ማናት ሲሏት አባቴ ዐረብ ነው የምትል ናት!»

ሦስቱም ሳቁ። ሐይደርም ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ ገዢ ሲስቅ ሻጭ ይስቃል ብሎ አብሮ ሳቀ። መዋዳም ሳቀች። ይህ ነው እውነቱ፤ ፊቷ ራሱ ሳቀ።

ተረቱ ክፉ ነበር። ሁለት ደም ያለውን ልጅ በከብት የሚመስል አፍ፣ ለሬሳ ክብር ቢቆምም ለቆመ ሰው ክብር የለውም፤ ይህ ይመዝገብ። ያቃጠላት ግን ተረቱ አልነበረም። እናቷ እስከ ማታ ድረስ ፍጹም ደኅና ነበረች። እንዲያውም ማታውን ጥቁር ጫማዋን ወልውላ በር አጠገብ አስቀምጣ ነበር። «ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?» አለቻት። «አዎ» አለች መዋዳ። ጠዋት ጫማው ከቦታው አልነበረም፤ እናቷም ከአልጋ አልወረደችም።

ሐይደር መያዣውን ተቀብሎ ደረሰኝ ጻፈላቸው። ሲወጡም ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ከመሸጫው ወጥተው ወደ አቧራው ሲወርዱ፣ ጫማቸውን ጠረጉ።

መዋዳ ጀብራ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ለተብርሃን ግቢው ውስጥ ቆማ ልብስ ከገመድ ላይ ታወርድ ነበር። እግሯን በጨርቅ አላሰረችውም፤ እግሯም አላበጠም።

እናትና ልጅ ሲነጋገሩ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዐረብኛ ነው። ሲግባቡ ኖረዋል፤ ሰው ሲሰማቸው ግን መዋዳ ዝም ትላለች።

«ዩማ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አለች። ዩማ ማለት በካርቱም ልጅ አፍ እማዬ ነው።

ለተብርሃን አንሶላውን አጣጠፈች። «መጡ እንዴ?»

«መጡ።»

«መኪናውን ወደዱት?»

«ኮሚቴ መሆንሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴቶቹ ናቸው የመረጡኝ» አለች ለተብርሃን፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች፤ ወዲያው ደበቀቻት። «አያሌው የመሸጫውን ስም ሲጠራ ያንቺ መሥሪያ ቤት መሆኑን አወቅሁ። ሌላ ጋ እንሂድ ብላቸው ለምን ይሉኛል። እግሬን ነው አልኩና ቀረሁ።»

«ለምን?»

ለተብርሃን ልጇን አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይቀል ነበር።

«ከእነሱ ጋር ብገባ ምን ልትዪኝ ነው? ‹ያ ሐጃ፣ አረፍ በዪ› ልትዪኝ ነው? እኔ እንኳ እችለዋለሁ። የእንግዳ ሰላምታሽን ተቀብዬ ቁጭ እላለሁ። ግን ፍቅርተማርያም ዐይኗ ክፉ ነው፤ ታውቅብሻለች። አንቺን ካየች ደግሞ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ አያድርም። ላንቺም ለእኔም ይበጃል ብዬ ነው።»

መዋዳ፣ እናቷ ልጇ እንደምትክዳት ማወቋን አሁን በጆሮዋ ሰማች። ማወቅ ብቻም አይደለም፤ ክህደቱ እንዳይደናቀፍ መንገዱን ስትጠርግለት ኖራለች።

«ወንበሩንስ?» አለች ለተብርሃን። «ነገሩት ሰውየውን? ሴቶቹ አጠገቡ የሚቀመጡበትን? አያሌው ሲኮራ ነገር ይረሳል። እኔ የፈለግሁት እሱን ብቻ ነበር።»

ገሊላ የሞተችበት ዕለት ለመዋዳ ትዝ አላት። ገሊላ ኦምዱርማን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ዘመድ አልነበራትም። ሣጥኗን በተከራዩት ቦክሲ፣ በክፍቱ መኪና ጀርባ ላይ ጭነው ወንዶቹ ከነፉ። ሴቶቹ በሪክሻ፣ በባለሦስት እግሯ ታክሲ፣ ተከተሉ፤ ሪክሻ ድልድይ መውጣት ክልክል ነው ተባሉና ወርደው በእግራቸው ተሻገሩ። ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር። አንዲት ሴት እንኳ ሳታለቅስላት ገባች። ያን ዕለት ለተብርሃን እግሯ ቆስሎ ቤት ገብታ ጮኻ ስታለቅስ፣ መዋዳ ተነሥታ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋች።

«ነገሩት» አለች አሁን። «ነገሩት ዩማ። እንዳልሽው ነው የሚሆነው።»

«ተመስገን!» አለች ለተብርሃን። ቅርጫቱን አንሥታ ገባች።

ውሸት ነበር። ውሸቱን እውነት ማድረጊያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሌላ ውሸት በኩል ያልፋል። በማግስቱ ለሐይደር «ሐበሾቹ ደወሉ፤ ሐሳባቸውን ቀይረው ባለአግዳሚውን ነው የሚፈልጉት» አለችው። ለአያሌው ደግሞ ደውላ በዐረብኛ «የጓሮው መኪና በሩ ላይ ጭረት ተገኘበት፤ ሌላ እስኪመጣ ታገሡ» አለች። ሐይደር አጉረመረመ፣ አያሌው አጉረመረመ። መዋዳ ለፖርት ሱዳን ስታዝዝ ሁለት የተከፈሉ አግዳሚዎች፣ የመካከሉም የኋላውም፤ የሚታጠብ የጎማ ወለል፤ ከኋላም የሚነፍስ መከይፍ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ፣ አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና በተንሸራታቹ በር ሥር ዝቅ ያለ መረገጫ ጨመረች። መረገጫውን ማንም አልጠየቃትም። እግራቸው ለሚያማቸው ሴቶች ነው።

ሁለቱን ቃላት ተናግራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ፈሪ ሰው ደግ ሥራ ሲሠራ እንኳ እንደ ሌባ ነው የሚሠራው።

መኪናው የመጣው ሰዎቹ መጠበቅ ከሰለቹ በኋላ ነው። ሦስቱ እንደገና ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፤ ሐይደር ራሱ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። አያሌው ተንሸራታቹን በር ከፍቶ የሙሽራ ወንበሮቹን ሲያጣ ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ? ወንበሮቹ የታሉ? ስክሪኑ የታል?»

«ኡስታዝ፣ ባዘዛችሁት መሠረት...» አለ ሐይደር።

«ማን አዘዘ? ፉሉን ብለን፣ መያዣ ከፍለን! ሐበሻ ናቸው፣ አይናገሩም ብላችሁ ነው? አጭበርባሪዎች!»

ሐይደር ወደ መዋዳ ዞረ። «ደወሉ አላልሽኝም?»

«ማንም አልደወለም!» አለች ፍቅርተማርያም፤ ዐረብኛዋ በቁጣ ተሰባበረ። «እሷ ናት የደወለችው። ጭረት አለችን!»

መዋዳ በሁለቱ መካከል ቆመች። ለሁለቱም የነገረችው ውሸት አንድ ጓሮ ውስጥ ተገናኝቷል። መኪናው ውስጥ ገብታ የመካከሉን አግዳሚ መቆለፊያ ሳበች። ግማሹ ወንበር ብድግ አለ። ተሸክማ አወጣችው። የኋላውንም ሳበች፤ አወጣችው። ከኋላ በር እስከ ሾፌሩ ጀርባ ድረስ ረጅም ባዶ ወለል ተዘረጋ። በሌላው ወገን የቀሩት ሁለት ግማሾች ወደ ባዶው ወለል ቀርበው ተቀመጡ።

ተድላ መጀመሪያ አየው። «ጋሼ» አለ በአማርኛ። «ይሄ እኮ ልክ ነው።»

ፍቅርተማርያም ወለሉን አየች። የቀሩትን ወንበሮች አየች። መረገጫውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ መዋዳን አየች፤ እጇም አፏ ላይ ወጣ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ያን ቀን ያመለጣት ሁሉ አሁን አንድ በአንድ እየተመለሰ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ይታይ ነበር።

«ሰምታናለች» አለች በሹክሹክታ። «እመቤቴ ድረሺ፤ ሁሉንም ሰምታናለች!»

አያሌው ኮቱን ቆለፈ፤ ፈታ። ድምፁ ወርዶ ነበር። በአማርኛ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ እንደሚጠይቀው፣ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

ሐይደር ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። «ምን አለሽ?»

መልሱ አንድ ስም ነበር። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህንንም ለእሷ እንቁጠርላት። ግን ዞር ስትል ሐይደርን አየች።

«ወንበሩ እንዴት እንደሚመለስ ነው የጠየቀኝ» አለች በዐረብኛ።

አያሌው ዐረብኛ ያውቃል። ውሸቱን ቆሞ ሰማ። ሊያጋልጣት ይችል ነበር፤ ኩራቱን ነክታለችና የሚገባትም ነበር። ሽማግሌው ግን ዐይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ በእሷ ፋንታ አፈረ።

«አዎ» አለ በዐረብኛ ለሐይደር። «እሱን ነው የጠየቅኋት። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ እኛ ነን በደንብ ያልተናገርነው። ልጅቷ ጥሩ አድርጋለች። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ሐይደር ትከሻውን ነቅንቆ ወረቀቱን ሊጨርስ ገባ። ተድላና መዋዳ ወንበሮቹን መለሱ። ፍቅርተማርያም ጥቂት አመነታችና ጠጋ አለቻት።

«ያን ቀን ያልኩት...» አለች፣ አልጨረሰችውም። «ዐይንሽ የለተብርሃን ዐይን ነው። እናትሽ ውጭ ናት። ከግንቡ ሥር፣ ጥላው ላይ። ዛሬ በግድ ነው ያመጣናት። እዚህ ስንደርስ መኪናው ሲወጣ አየዋለሁ፣ አልገባም አለች። እግሯን መስሎን ነበር።»

መዋዳ አንገቷን ደፋች። በአማርኛ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ የመጣላት «አመሰግናለሁ» ብቻ ሆነ፤ እሱንም ዋጠችው።

ተድላ ሞተሩን አስነሣ። አያሌው ወረቀቱን ፈርሞ መጣ፤ እሱና ፍቅርተማርያም ገቡ፤ መኪናው በጓሮው በር ወጥቶ መንገዱ ዳር፣ ከግንቡ አጠገብ ቆመ። መዋዳ ከመስታወቱ በር ጀርባ ደርሳ እጀታውን ያዘች። ለተብርሃን ከጥላው ወጣች። ጥቁር ጫማዋን አድርጋለች። ተንሸራታቹ በር ተከፈተላት፤ እግሯን መረገጫው ላይ አኖረች፣ ቆም ብላ መረገጫውን አየችው፣ ገባች። ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ፍቅርተማርያም መቆለፊያውን እያሳየች ስታወራላት አፏ ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም።

ከዚያ ለተብርሃን በመስታወቱ በኩል፣ በሩ ጀርባ የቆመችውን ልጇን አየች። አንድ አፍታ ነው። ወዲያው ፊቷን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ አስፋልቱ አዞረች። ተቆጥታ አይደለም። ማንም በአንድ ላይ እንዳያያቸው፣ ለልጇ ስትል ነው።

ሐይደር ወረቀቱን ይዞ ከጎኗ ቆመ። «ያቺ ሴትዮ አይደለችም እንዴ? ያቺ ንጹሕዋ? ጠየቅሻት?»

«እናቴ ናት» አለች መዋዳ።

እንዲህ በቀላሉ ወጣ። መስማት የነበረባቸው ሰዎች የመኪናውን በር ከዘጉ በኋላ ወጣ።

ሐይደር አያት። ወደ መኪናው አየ፤ እንደገና አያት። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። «ወላሂ?» አለ። «ወላሂ መዋዳ?» ቆየና ደግሞ፣ የተጎዳ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «ታዲያ ለምን አላስገባሻትም? ሻይ እናቀርብላት ነበር» አለ።

መኪናው ርቆ አልሄደም። ድልድዩ ተጨናንቆ ነበርና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ከመሸጫው በር ሮጦ የሚደረስበት ቦታ ነው። በኋላው መስታወት፣ ከሾፌሩ ጀርባ፣ የሦስት ሰው ጭንቅላት ይታያል፤ የመሃለኛው የእናቷ ነው፤ ወደኋላ አይዞርም። መዋዳ እጀታውን እንደጨበጠች ቆመች። መኪኖቹ ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ፤ ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ። ነጩ መኪና ድልድዩ ላይ ወጥቶ ሐፍላ ከሚሏቸው አውቶቡሶች መካከል እስኪጠፋ ድረስ በሩን አልገፋችውም።